ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

ሐይቅ ከተማ፣ እኔ እሠራበት በነበረው የባህል ማዕከል ውስጥ፣ አንድ ሥዕል ለሦስት ዓመት ያህል ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አዙሮ ተሰቅሎ ነበር። ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ ይጠይቀኛል። "ተሳስታችሁ ነው እንዴ በግልባጩ የሰቀላችሁት?" ይለኛል። "አይ፣ አሰቃቀሉ እንደዚህ ነው" እለዋለሁ። ከዚያ በላይ ለማንም አብራርቼ አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜም ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ለእናንተ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ሥዕል ተምሬ ስጨርስ ምድቤ ወሎ ሆነ፤ በደርግ ጊዜ የት ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ማዕከሉ በአካባቢው ሕዝብ ጉልበትና መዋጮ የተሠራ፣ ለከተማዋ ትልቅ የሚባል አዲስ የብሎኬት ሕንፃ ነው። መካከሉ የስብሰባ አዳራሽ፣ በስተቀኝ የኪነት ቡድኑ መለማመጃና ንባብ ቤት፣ በስተግራ ደግሞ ረዘም ያለ ክፍል አለው። "የሥነ ጥበብ ሙዚየም" የተባለው ይህ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ የሐይቁ ውኃ ይታያል። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ወደ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ሥራዬ ያንን ክፍል በሥዕል መሙላት ነበር።

ስለ ራሴ መዋሸት አያስፈልገኝም፤ ቀዝቃዛ ሰው ነበርኩ። ሰው ሲያናግረኝ የማየው አፍንጫውን ነው፣ ጉንጩ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንዳረፈ ነው። የሚለኝን ግማሹን አልሰማም። ዓሣ አጥማጁን ሣልኩ፣ ሸማኔውን ሣልኩ፣ በርበሬ የምትቀነጥስ ሴት ሣልኩ። ከሣልኳቸው ሰዎች የሁለቱን ስም እንኳ አላስታውስም።

የአራጋውን ስም ግን አስታውሳለሁ። አራጋው በኪነት ቡድኑ ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር እየተመላለሰ የሚለማመድ ልጅ ነበር። የአምባሰልን ቅኝት ሲነፋ ንባብ ቤት ያሉት ሰዎች ጋዜጣቸውን አጥፈው ያዳምጣሉ። እኔ ሙዚቃው ብዙም አይገባኝም፤ የገባኝ ዋሽንቱን ሲይዝ አንገቱ የሚታጠፍበት መንገድ ነው። ወር ያህል እያስቀመጥኩ ሣልኩት። ሥዕሉ ሊደርቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ።

የሚሄዱበት ቀን መኪናው ከማዕከሉ ፊት ለፊት ነበር የቆመው። አራጋው እየሮጠ መጣና ጋቢውን፣ ዱላውንና ዋሽንቱን እጄ ላይ ጣላቸው።

"ጋሼ፣ እነዚህን ያዝልኝ" አለኝ።

"ለምን አትወስዳቸውም?"

"ማሠልጠኛ ስንገባ ያስጥሉናል አሉ። ጋቢውን እናቴ ናት ፈትላ ያሠራችው፤ የትም እንዲወድቅ አልሻም።"

"ታዲያ ወደ ቤት ላከዋ።"

"ቤትማ ካየችው ስታለቅስ ልትከርም ነው። ለብሼው እንደሄድኩ ትመን።"

ከዚያ ከጠረጴዛዬ ላይ የመንደፊያ ከሰል አነሳና ገና ቀለሙ ያልደረቀውን ሥዕሉን ከጀርባው በኩል ይጽፍበት ጀመር። "ምን እያደረግክ ነው? ልታበላሽብኝ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ደረሰኝ ነው" ብሎ ሳቀ። የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ፣ ወጥቶ ሄደ። ጋቢውን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። የጻፈውንም በዚያው ረሳሁት።

ሰባት ወር አለፈ። ሙዚየሙ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ሰው እንዲበዛ ተብሎ ምርቃቱ በገበያ ቀን ተደረገ። ዋዜማውን የማዕከሉ ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ክፍሉን እየዞረ አየና አልጣመውም።

"ሥዕል ብቻውን ለሰፊው ሕዝብ አይናገርም" አለኝ። "ዕቃም ይኑርበት እንጂ!"

ከዓሣ አጥማጁ ሥዕል ሥር መረብ አደረግኩ። ከሸማኔው ሥር መወርወሪያ አደረግኩ። አራጋው ጋ ስደርስ ሳጥኑ ትዝ አለኝ። ጋቢውን አውጥቼ በአግዳሚው ላይ አነጠፍኩት፣ ዱላውን በላዩ አጋደምኩት፣ ዋሽንቱን ከዱላው አጠገብ አኖርኩት። ሥዕሉ ከላይ ተሰቅሏል። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁትና አማረኝ። ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ጥግ እሱ ነበር። የሰው ዕቃ ነው፣ ሳልጠይቅ እንዴት አወጣለሁ የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም።

በማግስቱ እንግዶቹ ንግግር አድርገው፣ ሪባን ቆርጠው ሄዱ። ገበያተኛው ከነጆንያው እየገባ ያያል፣ እየተሳሳቀ ይወጣል። ከነሱ መካከል አያ እንድሪስ ነበሩ። አያ እንድሪስ ከአራጋው መንደር የመጡ የእህል ነጋዴና የመንደሩ የቅሬ መሪ ናቸው። ቅሬ ማለት እኛ አዲስ አበባ ዕድር የምንለው ነው፤ እዚያ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የማየው አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ከአራጋው ሥዕል ፊት ቆመው አልነቃነቅ ሲሉ ነው። ጎንበስ ብለው የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቆባቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ወጡ። ይህ ሰውዬ ሥዕል ገብቶታል ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሙዚየሙ ወና ነበር። የጎብኚዎች መዝገቡን እያገላበጥኩ ተቀምጬ ሳለሁ በመስኮቱ አየሁ፤ ከአርዲቦ በሚያመጣው መንገድ ብዙ ሰው፣ ወንዱ ከፊት ሴቱ ከኋላ፣ ዝም ብሎ ይመጣል። መቶ ይሆናሉ። ወደ ማዕከሉ ሲታጠፉ፣ ገበሬ ማኅበሩ ጉብኝት አደራጅቶ የላካቸው መሰለኝ። ሁለቱንም በር ከፈትኩ፣ መዝገቡን ይዤ ደፍ ላይ ቆምኩ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጓዶች! ተራ በተራ፣ ስማችሁን እያስመዘገባችሁ…"

ማንም ስሙን አልነገረኝም። በአጠገቤ አለፉ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ፀጉሯን የተላጨች፣ ነጠላዋን የዘቀዘቀች፣ በሁለት ሴቶች የተደገፈች ሴት ነበረች። ሥዕሉ ፊት ስትደርስ ደጋፊዎቿን አራግፋ ጋቢው ላይ ተደፋች። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ክፍሉ በሙሉ አብሯት ጮኸ።

እኔ መዝገቤን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሴትዮዋ እትዬ ጥሩነሽ እንደሆነች፣ አራጋውም አንድያ ልጇ እንደሆነ የሰማሁት ከሙሾው ነው።

"አልሞተም!" አልኩ፣ ድምፄ አልሰማ ሲል እየደጋገምኩ። "ማን ነው ሞተ ያላችሁ?"

አያ እንድሪስ ወደኔ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ጓድ፣ እኛ አንተን አልከሰስንህም። አትናገር ቢሉህ ነው ዝም ያልከው፣ ይገባናል። ትናንት ጠዋት መርዶዋን አርድተናታል። አሁን ዕቃውን ስጠንና ታልቅስበት።"

"አያ፣ ራሱ ነው የሰጠኝ። የሄደ ቀን።"

"ይህን ጋቢ ለብሶ ሲወጣ እኔው ነኝ የሸኘሁት፣ ወላሂ! መንደሩ በሙሉ አይቶታል። ጋቢው ተመልሶ ልጁ ሳይመለስ፣ መልኩ ተሰቅሎ፣ ዱላው ተጋድሞ፣ ምን ልበል?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የገጠር ለቅሶ አይቼ አላውቅም ነበር። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ይነጠፋል፣ ዱላው ወይም ጠመንጃው ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ፎቶም ካለው ከላይ ይደረጋል። እኔ በገዛ እጄ፣ አንድ እንኳ ሳላጓድል፣ በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ ዘርግቻለሁ። አያ እንድሪስም ያዩትን አይተው ያልጠየቁኝ ለዚህ ነው፤ መርዶ መንገድ ላይ አይጠየቅም፣ ሄደው ሽማግሌ ሰብስበው፣ ማለዳ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ወጉን ጠብቀው ነው የነገሯት። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

በዚህ መሃል ጓድ ዘለቀ ከቢሮው ሮጦ መጣና በጆሮዬ ያንሾካሹክ ጀመር።

"ምንድነው ይሄ? ለዘመተ ሰው ያለ መንግሥት ደብዳቤ አይለቀስም! ወሬውን ያመጣው ማን ነው? አስወጣቸው፣ አለዚያ ለፀጥታ እደውላለሁ።"

ቢደውል የሚታሰሩት አያ እንድሪስ እንደሆኑ አውቃለሁ። ሽማግሌውም ሰምተዋል፤ ግን አልሸሹም። "ያመጣሁት እኔ ነኝ" አሉ ዝግ ብለው።

እትዬ ጥሩነሽ ቀና አለች። ፊቷ በጥፍሯ ተቧጥጧል። "ዝም በሉማ" አለች። ሰዉ ዝም አለ። ወደኔ ዞረች።

"በሞተች እናትህ፣ ልጄ ደህና ነው?"

እናቴ አልሞተችም፤ ግን ያን ጊዜ ማረሚያ የሚያሰጥ ሰዓት አልነበረም። ምላሴ ላይ የመጣው ውሸት ነው። ደብዳቤ ጽፎልኛል፣ ሰላም ነው ብላት ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። ለቅሶው ይቆማል፣ ጓድ ዘለቀ ቢሮው ይገባል፣ እኔም እድናለሁ። ለምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን እንዲህ አልኳት።

"አላውቅም፣ እትዬ። ከሄደ ወዲህ አንድም ነገር አልሰማሁም። የማውቀው ዕቃውን እዚህ በር ላይ በእጁ እንደሰጠኝ ብቻ ነው።"

ትኩር ብላ አየችኝ። የሚዋሽ ሰው ቢሆን ኖሮ ደህና ነው ይላት እንደነበር ሳታስብ አልቀረችም።

"እንግዲያውስ መልኩን አውርድልኝ" አለች።

ከምስማሩ ነቅዬ ሰጠኋት። ተቀብላ ፊቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አቀፈችው። ጀርባው ወደኛ ሆነ። ከቆሙት ሴቶች አንዷ በጣቷ አመለከተች።

"ፊደል አለበት እኮ!"

ከሰሉ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ጥሩነሽ ሥዕሉን መሬት አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ በአመልካች ጣቷ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች። መሠረተ ትምህርት የተማረች ናት። አንዱን ቃል ስትጨርስ ትተነፍስና ወደ ሌላው ታልፋለች። "ዕቃዬን… ራሴ… መጥቼ… እወስዳለሁ።" ከሥሩ "አራጋው" ይላል።

መስመሩን በጣቷ እንደገና ተከተለችው።

"የሱ ጽሕፈት ነው" አለች በመጨረሻ። "አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። መስመሩ ቀጥ አይልለትም፣ ወደ ላይ ይወጣል። መምህሩ 'አራጋው፣ ዛሬም ዳገቱን ተያያዝከው' ይለው ነበር።" መስመሩ እውነትም ዳገት ይወጣል። "በቁሙ ነው የሰጠው። ማንም አላመጣውም።"

ከኋላ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ መሃል ላይ አቆመችው። እልል ይባል ወይ አይባል ማንም አላወቀም። የወጣ መርዶ መመለሻ ወግ የለውም።

አያ እንድሪስ መሬት ላይ ተንበረከኩ። "ጥሩነሽ፣ በቁሙ ያለ ልጅሽን አስለቀስኩሽ። ፀጉርሽን አስላጨሁሽ። አላህ ፊት ምን እላለሁ?"

"አያ እንድሪስ፣ ይነሱ በሉ። ያዩትን ነው የነገሩኝ፤ እኔም ባይ ያንኑ እል ነበር። ጥፋቱ የዚህ ልጅ ነው" አለች ወደኔ እያመለከተች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ ደከመ ሰው ነበር የምትናገረው። "ያዝልኝ አለህ እንጂ አሳይልኝ አለህ?"

ዱላውንና ዋሽንቱን አነሳሁ፣ ጋቢውን አጣጠፍኩ።

አያ እንድሪስ ሲነሱ እጃቸውን ዘረጉ። "ዱዓ እናድርግ" አሉ። እስላሙ አሚን ሲል ክርስቲያኑ አሜን እያለ፣ እዚያው ከሥዕሎቹ መካከል፣ የትም ይሁን የት ልጁን እንዲጠብቀው ለመኑ። ጓድ ዘለቀ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አውልቋል፤ እሱ እንዳወለቀው ያወቀ አይመስለኝም።

ጋቢውን ስሰጣት አልቀበልም አለች። "ራሴ እወስዳለሁ ብሏል። ሳጥኑ ውስጥ መልሰው። መልኩን ግን እንዲህ አድርገህ ስቀልልኝ" ብላ ሥዕሉን ገለበጠችው። "ፊቱን የማየው እሱ ሲመጣ ነው። ቃሉን ላንብበው።"

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጓድ ዘለቀ ኮፍያውንም ሥልጣኑንም መልሶ አጠለቀ። "ሙዚየም ውስጥ የሥዕል ጀርባ አይሰቀልም! አሁኑኑ አዙረው።"

"ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ፊቱ የቱ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው" አልኩት። አለቃ ፊት እምቢ ያልኩት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ? መውጫ እንዲሆነው ከሥዕሉ አጠገብ "የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፍሬ" የሚል መግለጫ ለጠፍኩበት። አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከበላይ የሚመጡ ጎብኚዎች ያንን ጽሕፈት እያዩ ሲያጨበጭቡ ኖሩ።

እትዬ ጥሩነሽ በገበያ ቀን ትመጣለች። ሸክሟን በር ላይ ታስቀምጣለች፣ ትገባለች፣ በጣቷ እየተከተለች አንዴ ታነባለች፣ ትወጣለች። በመጀመሪያው ዓመት ሰላምታ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። በሁለተኛው ዓመት የተጠበሰ በቆሎ ታመጣልኝ ጀመር። አያ እንድሪስ ደግሞ አንድ ቀን መጥተው "እዚህ አገር ቀባሪ የለህም፣ ቅሬ ግባ" አሉኝና ስሜን አስገቡ። ለቀብር እየጠሩኝ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ድንኳን ተከልኩ፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ አወቅሁ።

አንባብያን፣ ይህ ገጠመኝ ታላቅ ሰዓሊ አደረገኝ ብላችሁ አልዋሻችሁም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የሣልኩት ትንሽ ነው። ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት የሰውዬውን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ቢሰቀል ማን እንደሚያየው መጠየቅ ጀመርኩ፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር መጥቶልኝ አልሄድኩም። ጓደኞቼ አበደ አሉ። ሳጥኑን ለማን ትቼ ልሂድ? እናንተም የሰው ዕቃ በእጃችሁ ካለ፣ እባካችሁ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ምን ብሎ እንደሰጣችሁ አስታውሱ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። ስከፍት አያ እንድሪስና አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጋቢያቸው በጤዛ ርሷል። ደህና አደርክም አላሉኝ። ገብተው ተቀመጡ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት የነበርኩት ሰው አልነበርኩምና ገባኝ፤ ግን ወጉ እስኪነገሩህ ድረስ ዝም ማለት ነው፣ ዝም አልኩ።

"ልጄ" አሉ አያ እንድሪስ። ከዚያ በፊት ጓድ እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። "አብሮት የዘመተ ልጅ እግሩን ተመቶ ከትናንት በስቲያ መጣ። አራጋውን በእጁ ነው የቀበረው። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አብሽር፣ ልጄ። አላህ ያጥናህ።"

ከአልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ቆይቼ "እትዬ ጥሩነሽስ?" አልኳቸው።

"ትናንት ማለዳ ነገርናት። አልጮኸችም። 'ለወንድሙም አርዱት' ብላ ላከችን።"

አራጋው ወንድም አልነበረውም።

ፊቴን ታጥቤ ሙዚየሙን ከፈትኩ። ሥዕሉን አወረድኩ፣ ሳጥኑን አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እናግዝህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሁሉንም ራሴ እስከ አርዲቦ ድረስ ተሸከምኩ። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፣ መንገድ ለቀቁልኝ። ጋቢውን አነጠፍኩ፣ ዱላውን አጋደምኩ፣ ዋሽንቱን ከዱላው አጠገብ አኖርኩ። ከዚያ ሥዕሉን ፊቱን ወደ እናቱ አዙሬ ሰቀልኩት። እንዴት እንደሚዘረጋ ማንም አላሳየኝም።